ለጀማሪ ልጅ የመጀመሪያውን ፈረስ ስለ መምረጥ

በደጋው አገራችን ፈረስ ለቤተ ሰብ እንደ እግር ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት ያደርሳል፤ ገበያ ያመላልሳል፤ መኪና በማይገባበት ቦታም ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። በበዓልና በሠርግ ቀን ደግሞ የቤቱ ክብር የሚታየው በእርሱ ነው። ለምሳሌ በአዊ፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረሰኞቹ በአምባላዩና በዳማው ላይ ሁነው ሲያልፉ ያየ ልጅ ሁሉ ልቡ ለፈረስ ይነሣል። በሰላሌም በአርሲም በባሌም እንዲሁ ነው።

ልጅ ፈረስ መውደዱ መልካም ነው። ፈረስ የሚጠብቅ ልጅ ትዕግሥትንና ኃላፊነትን ይማራል፤ ለቤቱም ሥራ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን የመጀመሪያው ፈረስ በደንብ ሳይመረጥ ቢገዛ ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ልጁ ይወድቃል፥ ይረገጣል፥ ወይም በገመድ ተጎትቶ አካሉ ይጎድላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛ፥ በብዙ ድካም የተጠራቀመው የቤቱ ገንዘብ ማንም ሊቀመጥበት በማይችል ፈረስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊመለከታቸው የሚገቡትን ነገሮች በዚህ ትምህርት በየተራ እንገልጻለን።

1. «አብረው ይደጉ» ስለሚባለው አሳብ

ብዙ አባቶች ገበያ ወጥተው የሁለት ዓመት ግልገል ፈረስ ይገዙና «ልጁም ፈረሱም አብረው ይደጉ፤ ይላመዳሉ» ይላሉ። የግልገሉ ዋጋ ከተገራው ፈረስ ስለሚያንስ አሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። ያልተገራ ፈረስ የሚገራው በብርቱ ፈረሰኛ ነው፤ ጀማሪ ልጅም የሚማረው በተገራ ፈረስ ላይ ነው። ሁለቱም የማያውቁ ከሆኑ ማን ማንን ያስተምራል? ግልገሉ ሲደነግጥ ልጁም ይደነግጣል፤ ልጁ ሲደነግጥ ዛቡን አጥብቆ ይስባል፥ በእግሩም ጎኑን ይጫናል፤ ግልገሉም በዚህ የበለጠ ፈርቶ ይሮጣል ወይም ይዘላል። አንድ ጊዜ ልጁን የጣለ ግልገል መጣልን ይማራል፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የወደቀ ልጅም ፍርሃትን ይማራል። ሁለቱንም ማስረሳት ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ከዚህም በቀር የሁለት ዓመት ፈረስ አጥንቱ ገና አልጠናም። በዚህ ዕድሜው አብዝቶ ቢጋለብ እግሩና ጀርባው ተበላሽቶ ያለ ጊዜው ከሥራ ይወጣል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ያልተገራውን ፈረስ ለብርቱ ፈረሰኛ፥ የተገራውን ፈረስ ለጀማሪ።

2. ስለ ጠባይ

ለጀማሪ ልጅ ፈረስ ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጠባይ ነው። በገበያ ላይ ግን የሚወደሰው ሌላ ነው። አንገቱን ቀስሮ የሚንጎራደደው፥ ቁሞ አልረጋ የሚለው፥ ሲለቁት የሚፈተለከው ፈረስ ብዙ ሰው ይከብበዋል፤ በጥግ ረግቶ የቆመው ግን «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይናቃል። ለልጅ የሚገዛ አባት ሊመለከት የሚገባው ይህን የተናቀውን ነው። የጠጉሩ መልክ ቦራም ሆነ ዳማ፥ ጉራቻም ሆነ አምባላይ፥ ስለ ጠባዩ የሚነግረን ነገር የለም።

ለጀማሪ የሚሆን ፈረስ የሚከተሉት ምልክቶች አሉት።

ሀ) ከመስክ ሲጠሩት ወይም ሲቀርቡት አይሸሽም፤ በቀላሉ ይያዛል።
ለ) ታስሮ ሲቆም ይረጋል፤ መሬት አይጭርም፥ ገመድ አይበጥስም።
ሐ) አንገቱን፥ ሆዱን፥ ታፋውንና እግሩን ሲዳስሱት አይራገጥም፤ አራቱንም ኮቴ ያስነሣል።
መ) ኮርቻ ሲጭኑትና ጠፍር ሲያጠብቁበት ጆሮውን ወደ ኋላ አይጥልም፥ ለመንከስም አይዞርም።
ሠ) «ቁም» ሲሉት ይቆማል፤ ከጓደኞቹም ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል።

ተራጋጭ፥ ተናካሽና ደንባራ ፈረስ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለልጅ አይገዛም። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» እንደሚባለው፥ በደንባራ ፈረስ ላይ ጀማሪ ልጅ መጨመር ነገሩን ማባስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከሳ ወይም የታመመ ፈረስ አቅም ስለሌለው ገራም መስሎ ይታያል። ጎኑ ተቆጥሮ አጥንቱ የወጣውን ፈረስ ገዝቶ ለአንድ ወር ገብስ ያበላ ሰው፥ በወሩ መጨረሻ ሌላ ፈረስ በበረቱ ቁሞ ሊያገኝ ይችላል። እርጋታው የሚታመነው ሥጋ ለብሶ፥ ዓይኑ ነቅቶ ሳለ የረጋው ፈረስ ነው።

3. ስለ ዕድሜ

ለጀማሪ የሚስማማው ከ8 እስከ 15 ዓመት ያለው ፈረስ ነው። በዚህ ዕድሜ መንገዱንም ገበያውንም አይቶ ጨርሷል፤ በደንብ ከተያዘም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሻጩ የሚናገረውን ዕድሜ በጥርስ ማመሳከር ይገባል፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

ፈረስ ከላይ ስድስት፥ ከታች ስድስት የፊት ጥርሶች አሉት። የወተት ጥርሶቹ ትንንሽና ነጫጭ ናቸው። በ2 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የመካከለኞቹ ሁለቱ፥ በ3 ዓመት ከመንፈቅ የሚቀጥሉት፥ በ4 ዓመት ከመንፈቅ የዳሮቹ በቋሚ ጥርስ ይለወጣሉ፤ በ5 ዓመት አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ ይታያል። ይህም ጎድጓዳ በመካከለኞቹ በ6 ዓመት፥ በቀጣዮቹ በ7፥ በዳሮቹ በ8 ዓመት ገደማ እየጠፋ ይሄዳል። በ10 ዓመት ገደማ ከላይኛው የዳር ጥርስ ድድ ሥር ቀጭን ቦይ ብቅ ይላል፤ በ15 ዓመት እስከ ጥርሱ እኩሌታ፥ በ20 ዓመት እስከ ጫፉ ይደርሳል። ከጎን ሲታዩም የወጣት ፈረስ ጥርሶች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፤ የሽማግሌው ግን ወደ ፊት ያሾላሉ።

አሸዋማና ደረቅ ግጦሽ ጥርስን ቶሎ ስለሚበላ ይህ ሁሉ ግምት ነው። ሁኖም የ4 ዓመቱን ከ10 ዓመቱ፥ የ10 ዓመቱን ከ20 ዓመቱ ለመለየት ይበቃል።

4. ስለ ፆታና ስለ ቀድሞ ሥራው

ድንጉላ ፈረስ ባዝራ በሸተተው ጊዜ ጎልማሳ ፈረሰኛ እንኳ ይታገለዋል፤ በገበያና በውሃ መውረጃ ደግሞ ባዝራ አይጠፋም። ስለዚህ ድንጉላ ለጀማሪ ልጅ አይሰጥም። ከሁሉ የሚሻለው ከተኮላሸ ቢያንስ ጥቂት ወራት ያለፈው ፈረስ ነው።

ባዝራም ገራም ከሆነች መልካም ናት። ነገር ግን በምትፈልግበት ወራት በየ3 ሳምንቱ ገደማ ለጥቂት ቀን ጠባይዋ ሊለወጥ ይችላል። እርግዝናዋ 11 ወር ያህል ስለሚቆይ መቼ እንደ ተጠቃች መጠየቅ ያስፈልጋል። ግልገል የሚከተላት ባዝራ ለልጅዋ ስትል ልትነክስና ልትራገጥ ስለምትችል ለጀማሪ አትሆንም።

ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ ባጃጅና የጭነት መኪና አይቶ የማይደነግጥ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ዕድል ነው። ሁኖም ጋሪ መጎተትና ሰው መሸከም ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ሰው በጀርባው ተቀምጦበት የማያውቅ ከሆነ እንዳልተገራ ይቆጠራል። የጋሪ ፈረስ ብዙ ጊዜ በደረቱና በጀርባው ቁስል፥ በእግሩም ጅማት እብጠት ስለማይጠፋው እነዚህን ቦታዎች አጥብቆ መመርመር ይገባል።

5. ስለ ቁመትና ስለ ክብደት

የአገራችን ፈረሶች አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ ለልጅ ይመቻሉ። ልጁ መሬት ላይ ቁሞ ጫንቃውን ሊደርስበት፥ ኮርቻውንም በትንሽ እርዳታ ሊጭን ቢችል ቁመቱ ተስማምቷል ማለት ነው።

የፈረሰኛውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን ባያልፍ መልካም ነው። ሚዛን በሌለበት የፈረሱ ክብደት በሜትር ገመድ እንዲህ ይገመታል። በመጀመሪያ የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ በሳንቲ ሜትር መለካት፤ ቀጥሎም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን መለካት። ከዚያ የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝቶ፥ ውጤቱን በርዝመቱ አባዝቶ፥ ለ11,880 ማካፈል ነው። ደረቱ 140፥ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥

140 × 140 × 130 ÷ 11,880 = 214 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

የዚህ አምስተኛ እጅ 43 ኪሎ ያህል ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ቢመዝን ፈረሱ የ35 ኪሎ ልጅ በደኅና ይሸከማል ማለት ነው። ልጁ እያደገ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሁለት ልጆችን በአንድ ፈረስ ላይ ማስቀመጥ ግን ለፈረሱም ለልጆቹም ጉዳት ነው።

6. ስለ ጤንነት

የሚቻል ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መሄድ ከሁሉ ይበልጣል። ካልተቻለ ገበሬው ራሱ የሚከተሉትን ይመርምር።

ሀ) ዓይን፥ ጥርትና ክፍት ያለ ይሁን። እጅን ቀስ ብሎ ሲያቀርቡለት የማይርገበገብ ዓይን ላያይ ይችላል፤ በአንድ ወገን የማያይ ፈረስ በዚያ ወገን ይደነብራል።
ለ) አፍንጫና ጉሮሮ፥ መግል የሚወርደው፥ የሚያስለው፥ ከመንጋጋው ሥር እብጠት ያለበት ፈረስ አይገዛም፤ ወደ ሌሎችም ይዛመታል።
ሐ) ቆዳ፥ በእግሩ፥ በአንገቱ ወይም በደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰልፈው የሚፈነዱ እብጠቶች ካሉ፥ በአንዳንድ ቦታ ቢቺ የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ ወደ ቤት አይገባም። ይህ በሽታ በቁስል፥ በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት ኮርቻ ይተላለፋል።
መ) እግርና ኮቴ፥ አራቱንም እግሮች ከላይ እስከ ታች በእጅ መዳሰስ፤ የሚያቃጥል ወይም ያበጠ ቦታ መፈለግ። ኮቴው ያልተሰነጠቀ፥ ሥሩም የማይሸት ይሁን።
ሠ) ጀርባ፥ ኮርቻው ወርዶ፥ ለምዱም ተነሥቶ መታየት አለበት። አከርካሪውን በጣት ሲጫኑት የሚያጎነብስ ፈረስ ጀርባው ታምሟል። ነጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ የድሮ ቁስል ምልክት ነው።
ረ) አተነፋፈስ፥ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከዚህ እጅግ ከበለጠ ወይ ታሟል፥ ወይ በቅርብ ደክሟል።

በአርሲና በባሌ ደጋ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ በጥቂ የሚተላለፈውን ዱሪን የተባለ በሽታ ያስቡ። ባዝራይቱ ብልቷ ያበጠ፥ ያለ ምክንያትም የምትከሳ ከሆነች ሐኪም ሳያያት አትገዛ።

7. ፈረሱን ስለ መፈተን

ምርመራው ሲያልቅ ፈተናው ይጀምራል። የሚቻል ከሆነ በገበያ ሳይሆን በሻጩ ቤት መፈተን ይሻላል፤ ፈረሱ ከመስክ ሲያዝ የሚታየው እዚያ ነውና። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሻጩ ፈረሱን በጠንካራ መሬት ላይ እየሳበ፥ በእርምጃ ቀጥሎም በሶምሶማ ወዲያና ወዲህ ያሂደው። ከፊት እግሩ አንዱን የሚያመው ፈረስ፥ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል።

ሁለተኛ ሻጩ ራሱ ኮርቻ ጭኖ ይቀመጥበት። ሻጩ ለመቀመጥ ምክንያት ካበዛ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ፈረሱን ትቶ መሄድ ይገባል።

ሦስተኛ ከገዢው ወገን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥበት። ከሌሎቹ ፈረሶች ለይቶ ይውሰደው፤ በውሻ፥ በመኪናና በተዘረጋ ጥላ አጠገብ ያሳልፈው፤ ጅረት ያሻግረው። ከዚያም ፊቱን ወደ ቤቱ መልሶ በእርምጃ ያምጣው። ወደ ቤቱ ሲመለስ አልያዝ ብሎ የሚሮጥ ፈረስ ለጀማሪ አይሆንም፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው።

አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ በኋላ ብቻ ልጁ ይቀመጥ፤ ያውም ጎልማሳ ሰው ፈረሱን ይዞለት። ልጅን በማይታወቅ ፈረስ ላይ በመጀመሪያ ማውጣት ክልክል ነው።

በመጨረሻም በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት፥ ሳይናገሩ ተመልሶ ማየት ይጠቅማል። አንዳንድ ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ፈረሱን አስሩጦ አድክሞ ይጠብቃል። በማለዳ ሳይደክም የታየ ፈረስ እውነቱን ይናገራል። ሽያጩ በምስክር ፊት፥ የፈረሱ መልክና ምልክት በወረቀት ተጽፎ ቢፈጸም በኋላ ክርክር አይነሣም።

8. ስለ ልጓምና ስለ ኮርቻ

በአገራችን የቆየው የቀለበት ልጓም በብርቱ ፈረሰኛ እጅ ፈረስን በቶሎ ያቆማል፤ በጀማሪ እጅ ግን ክፉ መሣሪያ ነው። ጀማሪ ልጅ ሚዛኑ ሲናጋ የሚንጠለጠለው በዛቡ ነው። ያን ጊዜ ብረቱ የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ ገራሙም ፈረስ ከሥቃዩ የተነሣ በኋላ እግሮቹ ይቆማል። ስለዚህ ልጁ መቀመጥን እስኪለምድ ድረስ ፈረሱ በራስ ገመድ ወይም በለስላሳ ልጓም በሌላ ሰው ይያዝ፤ ልጁም ሚዛኑ ሲናጋ ጋማውን እንዲጨብጥ ይማር።

ኮርቻው የፈረሱን አከርካሪ ሊነካ አይገባም፤ ፈረሰኛው ተቀምጦ ሳለ በኮርቻውና በጫንቃው መካከል ሁለት ጣት ማለፍ አለበት። እርካቡ የእግሩን ፊት ብቻ የሚይዝ፥ ሲወድቅም በቀላሉ የሚለቅ ይሁን። ልጁ እንዳይወድቅ ብሎ በኮርቻው ላይ ማሰር፥ የፈረሱንም ገመድ በእጁ ወይም በወገቡ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፈረሱ ቢበረግግ ልጁ ገመዱን ለቆ ይድናል፤ የታሰረ ልጅ ግን ተጎትቶ ይሞታል። ይህ ደንብ ፈረስ ለሚያግዱና ውሃ ለሚያጠጡ ልጆችም ሁሉ ነው።

9. ከተገዛ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወር

አዲስ የመጣ ፈረስ ከቤቱ እንስሳት ተለይቶ 3 ሳምንት ያህል ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባትም ካልተከተበ ይከተብ። ይህ በሽታ ከዝናብ ወራት በኋላ በምሽትና በሌሊት በሚናደፉ ጥቃቅን ትንኞች የሚተላለፍ፥ ፈረስን በጥቂት ቀን የሚገድል ስለሆነ ክትባቱ በየዓመቱ አይታለፍ። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። በፈረስ ፋንድያ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ስለሚገኝ፥ ልጁም ክትባቱን ማግኘቱን ጤና ጣቢያ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለ214 ኪሎው ፈረስ በቀን ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ተኩል ደረቅ ድርቆሽና ገለባ፥ ከ15 እስከ 25 ሊትር ያህልም ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ሥራው ቀላል ስለሆነ ገብስ ማብዛት አይገባም፤ ያለ ሥራ የጠገበ ፈረስ ይፈነጫል፥ ሆዱንም ያመዋል።

የልጁ ትምህርት በዚህ ተራ ይሂድ።

በ1ኛው ሳምንት አይቀመጥም። ፈረሱን ይመግባል፥ ይጠርጋል፥ ጎልማሳ ሰው አጠገቡ ሁኖ ይስባል። በግራ ትከሻው በኩል እየተናገረ መቅረብን፥ ከኋላውም አለመቆምን ይማራል።
በ2ኛው ሳምንት በአጥር ውስጥ ሰው እየሳበለት በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቀመጣል።
በ3ኛው ሳምንት በረጅም ገመድ ተይዞ በክብ ይሄዳል፤ ማስነሣትን፥ ማቆምንና ማዞርን ይለማመዳል።
በ4ኛው ሳምንት ጎልማሳ ፈረሰኛ አጠገቡ ሁኖ በእርምጃ ወደ ውጭ ይወጣል።

ሶምሶማና ደንገላሳ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ግልቢያና ጉግስ ግን የዓመታት ትምህርት ናቸው፤ ለእነርሱ የሚቸኩል ልጅ ገና አልተማረም። ቆብ የሚያስገኝ ዐቅም ያለው ቤት ራስን የሚከላከል ጠንካራ ቆብ ቢያደርግለት ብዙ ጉዳት ይቀርለታል።

10. ለልማት ሠራተኞች

በየቀበሌው የሚገኙ የልማት ሠራተኞች በገበሬዎች ማሠልጠኛ አንድ ገራም ፈረስ አቁመው ጥርስ ማየትን፥ ክብደት መገመትንና እግር መዳሰስን በተግባር ቢያሳዩ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የክትባትም ቀን ሲደርስ ከብቱ ብቻ ሳይሆን ፈረሱም እንዲቀርብ አስቀድመው ያስታውቁ። ልጆችን ሰብስበው የገመዱን ደንብ ማስተማራቸውም የሰው ሕይወት ያድናል።

ማጠቃለያ

ገበሬው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ራሱን እነዚህን አምስት ነገሮች ይጠይቅ። ፈረሱ ተገርቷልን? ከ8 ዓመት አልፎታልን? ጀርባው፥ እግሩና ዓይኑ ደኅና ናቸውን? ሻጩ ራሱ ተቀምጦበት አይቻለሁን? ወደ ቤቱ ሲመለስ በእርምጃ መጥቷልን? ለአምስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ይግዛ። አንዱ እንኳ የሚያጠራጥር ከሆነ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይመለስ፤ ገበያ በሚቀጥለውም ሳምንት ይቆማል።